ወደ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ነው፦ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ቃል ፈተና ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ሰላም (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጣሊያን አገር የሚገኘው ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎኛል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እንቅልፍ የሚነሱኝ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቤት ነው። በኢንተርኔት ያገኘሁት አከራይ የሁለት ወር ኪራይ አሁኑኑ እንድልክለት ይጠይቀኛል። ሁለተኛው የክልሉ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ያስፈልጋል ተብያለሁ፤ ግን አባቴ ጡረተኛ ናቸው፣ እናቴም በጉሊት ንግድ ነው የምትተዳደረው። ምን ዓይነት ወረቀት ላቅርብ? ሦስተኛ፣ ፈተናው በቃል ነው ይባላል፤ እኔ ደግሞ በሰው ፊት ስናገር እርበተበታለሁ።

አባቴ የታሪክ መምህር ስለነበሩ «የዓለም የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የመሠረቱትም ተማሪዎች ናቸው የሚባለው እውነት ነውን?» ብለው ጠይቀውኛል። የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይላቸዋል።

መልስ፦ ማርታ (ቦሎኛ)

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከቤቱ ልጀምር፣ የሚቸኩለው እሱ ነውና። ያላየሽውን ቤት፣ ያልፈረምሽውን ውል አስቀድመሽ አትክፈዪ። ወደ ዘጠና ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ያለበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ትልቅ አይደለችም፤ ስለዚህ በመስከረም ክፍል መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው። አጭበርባሪዎች የሚያጠምዱትም ይህንኑ ጭንቀት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሆስቴል ወይም በምታውቂያቸው ሰዎች ቤት አርፈሽ፣ በእግርሽ ዞረሽ ፈልጊ።

ውሉ በግብር መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ አለበት። አንዳንድ አከራይ «ሳናስመዘግብ እንስማማ፣ ኪራይ እቀንስልሻለሁ» ይላል። አትቀበዪ! ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ ተብለሽ ከፍ ያለውን የስኮላርሺፕ መጠን የምታገኚው የተመዘገበ የኪራይ ውል ካለሽ ነው። ያልተመዘገበ ውል በኪራይ ያተረፈልሽን በስኮላርሺፕ በብዙ እጥፍ ያሳጣሻል።

እንደደረስሽ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ አስገቢ። ቅጹ የሚወሰደውም የሚመለሰውም በፖስታ ቤት ነው። የሚሰጡሽን ደረሰኝ እንደ ፓስፖርትሽ ጠብቂው፤ ካርዱ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል እስከዚያ የምትንቀሳቀሽው በእሱ ነው።

መልስ፦ ተስፋዬ ዘቦሎኛ

ለአባትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። እኔን የሚመለከተኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)።

«የዓለም» ከማለት «የአውሮፓ» ማለቱ ይሻላል። በሞሮኮ የፌዝ ከተማው አል-ቀረዊይን በ859፣ የካይሮው አል-አዝሃር በ970 ገደማ የተመሠረቱ የትምህርት ቦታዎች ናቸው፤ እነሱን ዘሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። በዩኒቨርሲቲው ማኅተም ላይ የሚታየው 1088 የሚለው ዓመትም በመመሥረቻ ሰነድ የተገኘ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ጆሱዌ ካርዱቺ የመሩት ኮሚቴ የስምንት መቶኛ ዓመቱን በዓል በ1888 ለማክበር ሲዘጋጅ የወሰነው ነው። ከዚያ ዘመን አካባቢ ኢርኔሪዮ የሚባል መምህር በከተማዋ የሮማን ሕግ ያስተምር እንደነበር ግን ይታወቃል።

በተማሪዎች ተመሠረተ የሚባለው እውነት ነው፤ ታሪኩም የሚያኮራ ነው። ሕግ ሊማሩ ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎች የጣሊያን ከተሞች የመጡት ወጣቶች በቦሎኛ ሕግ ፊት ባዕዳን ነበሩ። አንዱ ዕዳ ሳይከፍል ቢጠፋ፣ አበዳሪው ምንም የማያውቀውን የአገሩን ልጅ ይዞ ማስከፈል ይችል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በ1150ዎቹ ባወጡት ድንጋጌ ይህን ከለከሉ። ተማሪዎቹም በድንጋጌው ብቻ ተማምነው አልተቀመጡም፤ እንደ እኛ እድር በየአገራቸው ልጆች ተሰባሰቡ፤ ማኅበራቱም ተያይዘው ከአልፕስ ተራሮች ወዲህና ወዲያ የመጡት ተማሪዎች ሁለት ትልልቅ ኅብረቶች ሆኑ። የኅብረቱ መሪ (ሬክተሩ) ራሱ ተማሪ ነበር። መምህሩን የሚቀጥሩት፣ ደመወዙን የሚከፍሉትና አርፍዶ ሲገባ ወይም ምዕራፍ ሲዘል መቀጮ የሚጥሉበት እነሱ ነበሩ። ከተማዋ ስትበድላቸው ደግሞ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። በ1222 የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ከቦሎኛ በወጡ መምህራንና ተማሪዎች ነው።

ይህን ያስረዘምኩት ለአንቺም ስለሚጠቅም ነው። የባዕድ አገር ተማሪ ብቻውን ሲሆን ይጠቃል። ስትደርሺ የተማሪ ማኅበራቱንና የአገርሽን ልጆች ፈልጊ፤ ውል ከመፈረምሽ በፊት አንድ የቆየ ሰው ያንብብልሽ።

አርኪጅናዚዮን ሳታዪ እንዳትቀሪ። በ1563 የተጠናቀቀ የድሮው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ነው፤ ዛሬ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። ግድግዳውና ጣሪያው በስድስት ሺህ ያህል የተማሪዎች አርማ ተሸፍኗል። በእንጨት የተሠራው የአካል ጥናት አዳራሹ በጥር 1944 በቦምብ ቢፈርስም ከፍርስራሹ የተረፈውን እንጨት ለቅመው መልሰው ሠርተውታል። ላውራ ባሲም በ1732 ዲግሪዋን ተቀብላ መምህርት የሆነችው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚያ ዘመን ሴት ፊዚክስ ስታስተምር አስቢው!

መልስ፦ ብርሃኑ (ሪሚኒ)

ስኮላርሺፑን የሚሰጠው ኤርጎ የሚባለው የክልሉ ተቋም ነው። ማስታወቂያው በየዓመቱ በበጋቸው፣ በሐምሌ ገደማ ይወጣል፤ ለማመልከት ጣሊያን እስክትገቢ መጠበቅ የለብሽም። የገቢና የንብረት ማስረጃው ወደ ጣሊያንኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባው የጣሊያን ኤምባሲ መረጋገጥ አለበት፤ ቀጠሮው ስለሚቆይ ዛሬውኑ ጀምሪ። የአባትሽን ከጡረታ መሥሪያ ቤት፣ የእናትሽን ከወረዳው አስጽፊ። ደግሞም ድሃ ተብለው በጣሊያን የዩኒቨርሲቲና ምርምር ሚኒስቴር ዝርዝር ለገቡ አገሮች ተማሪዎች ቀለል ያለ አሠራር አለ፤ ገቢ በዝርዝር ከማስላት ይልቅ ተማሪው ከባለጸጋ ቤተሰብ አለመሆኑን ኤምባሲው የሚመሰክርበት ነው። ኢትዮጵያ በዘንድሮው ዝርዝር መኖሯን ከማስታወቂያው አይተሽ በዚያ በኩል ሂጂ።

ገንዘቡ ከተሰጠ በኋላም ግዴታ አለበት። በመጀመሪያው ዓመት የተቆረጠውን ያህል ክሬዲት ካላሟላሽ ሊያስመልሱሽ ይችላሉ። ስለዚህ ፈተና አታሸጋግሪ።

ሌላም የሚያነብ ካለ፦ በጥገኝነት ለሚኖሩ ስደተኞች የተለየ በር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያ ያሉ ስደተኛ ተማሪዎችን ለሁለተኛ ዲግሪ በመቀበል የጀመረው ፕሮግራም ዛሬ ብዙ የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈ ሆኗል።

መልስ፦ ሕይወት

የቃል ፈተናውን አትፍሪው። ነጥቡ ከ30 ነው፤ ማለፊያው 18። ለአንድ ትምህርት በዓመት ውስጥ በርከት ያሉ የፈተና ቀናት ስለሚወጡ የምትዘጋጂበትን ቀን ራስሽ መርጠሽ ትመዘገቢያለሽ። ያገኘሽው ነጥብ ካላስደሰተሽም ትተሽ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ እኔ 21 ተሰጥቶኝ አልተቀበልኩም፣ በሚቀጥለው 28 አገኘሁ። ፕሮፌሰሮቹ አይቆጡም፣ የተለመደ ነው።

ፈተናው ለሕዝብ ክፍት ነው። ተራሽ ከመድረሱ በፊት ገብተሽ ከኋላ ተቀመጪና ሌሎች ሲፈተኑ አድምጪ። የሚጠየቀው ምን እንደሆነ፣ መምህሩ የት ላይ እንደሚጫን ታውቂያለሽ፤ መርበትበቱም ግማሹ ይለቅሻል። ከጓደኛሽ ጋር ጮክ ብላችሁ ተጠያየቁ። እዚያ ጣሊያናውያኑ ራሳቸው በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ እያሉ ሲለፈልፉ ታያቸዋለሽ።

ዘጠና ሰባት ሜትር ስለሚረዝመው የከተማዋ የአዚኔሊ ግንብ ግን፣ ሳይመረቅ የወጣበት አይመረቅም ይላሉ ተማሪዎቹ።

ሰላም (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአከራዩ ገንዘብ እንደማልልክ ጽፌለታለሁ፤ ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጠኝም። ጥያቄያቸውን የመለሱልኝን ወንድም አባቴ ደጋግመው አመስግኚልኝ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በመቀበያ ደብዳቤዬ ላይ «ራቬና» የሚል አለ። ቦሎኛ አይደለም እንዴ ትምህርቱ?

ማርታ (ቦሎኛ)

ውይ፣ ይህን በመጀመሪያ ብትነግሪን! ዩኒቨርሲቲው በቼዜና፣ በፎርሊ፣ በራቬናና በሪሚኒም ካምፓስ አለው። ትምህርትሽ ራቬና ከሆነ ቤት የምትፈልጊው እዚያው ነው፤ ከቦሎኛ በባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በየቀኑ መመላለስ ያደክምሻል። ደስ የሚለው ኪራዩ ከቦሎኛ ይቀላል። የመኖሪያ ፈቃድ የጣት አሻራ ቀጠሮሽም የሚሆነው በራቬና ፖሊስ ነው። በስኮላርሺፕ ቅጹ ላይ የትምህርት ቦታ በሚለው ራቬና ብለሽ ሙዪ።