ደካማ ሲግናል ለማየት የትኛውን ስፔክትረም አናላይዘር ልግዛ? (ጥቆማ)

ስፔክትረም አናላይዘር በየፍሪኩዌንሲው ያለውን የራዲዮ ሲግናል ጥንካሬ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። «በርካሽ መሣሪያ ደካማ ሲግናል ማየት ይቻላል ወይ?» ለምትሉ፣ አዎ ይቻላል። ግን አቬሬጅ ያደርጋል (ብዙ ልኬት ወስዶ አማካዩን ያሳያል) ተብላችሁ ተጨማሪ ብር እንዳታወጡ። እሱ ከትንሹ እስከ ትልቁ ሁሉም ላይ አለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ብዙ ሰው አቬሬጅ ኖይዙን (ሲግናል በሌለበትም የሚታየውን የጀርባ ጫጫታ) ዝቅ ያደርገዋል ብሎ ያስባል። አያደርገውም፤ መዋዠቁን ነው የሚያረግበው። በአንድ ስዊፕ (ፍሪኩዌንሲዎቹን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ መጥረግ) ብቻ ስታዩት ኖይዙ 5 እና 6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የጥንካሬ መለኪያ) ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ኃይሉ ከኖይዙ ጋር እኩል የሆነ ሲግናል ደግሞ መስመሩን የሚያነሳው 3 ዲቢ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ እዚያ ዝላይ ውስጥ ይጠፋል። የ16 ስዊፕ አማካይ ስትወስዱ ግን መዋዠቁ ወደ ሩብ ይወርድና የሲግናሉ ጉብታ ቁልጭ ብላ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መዋዠቁን እንደገና በግማሽ ለመቀነስ ስዊፑን አራት እጥፍ ማድረግ አለባችሁ።

ኖይዙን በእውነት ዝቅ የሚያደርገው አርቢደብሊው ነው፤ መሣሪያው ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚለካው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ማለት ነው። ከ10 ኪሎኸርዝ ወደ 1 ኪሎኸርዝ ብታጠቡት 10 ዲቢ ይወርዳል። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ አርቢደብሊው እስከ ስንት እንደሚጠብ፣ ቀጥሎ ፕሪአምፕ (ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ማጉያ) እንዳለው እዩ።

ለጀማሪ ታይኒኤስኤ አልትራን እመክራለሁ። አርቢደብሊው እስከ 200 ኸርዝ ይጠባል፣ ፕሪአምፑ ውስጡ ነው፣ በባትሪ ስለሚሠራ ጣሪያ ላይ አንቴናው ሥር ይዛችሁት ትወጣላችሁ። አቬሬጁን ሜኑ ውስጥ በ4 ወይም በ16 ትመርጣላችሁ። የመጀመሪያው ትንሹ ታይኒኤስኤ ግን 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ ይቆማል፣ ፕሪአምፕም የለውም፤ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ፎርጅዱ ስለበዛ ሻጩን በደንብ አጣሩ።

ኮምፒውተር ካላችሁ አርቲኤል ኤስዲአር ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ የራዲዮ መቀበያ) ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ለረጅም አቬሬጅ ደግሞ በጣም ነው የምወደው። ታይኒኤስኤ ባንዱን ቀስ እያለ ሲጠርግ ዶንግሉ ወደ 2.4 ሜጋኸርዝ የሚጠጋውን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ፣ በሴኮንድ ውስጥ የሚያጠራቅመው አማካይ በጣም ብዙ ነው። የሃይድሮጅን መስመር የሚሞከረውም በዚህ ነው። 1420.4 ሜጋኸርዝ ላይ በጋላክሲያችን ካለ ሃይድሮጅን ጋዝ የሚመጣው የራዲዮ ሲግናል ማለቴ ነው፤ ፊዚሲስቶቹ ኢዌንና ፐርሰል ሃርቫርድ ላይ በ1951 እ.ኤ.አ. ያገኙት። ሲግናሉ ራሱ ሰፊ ስለሆነ አርቢደብሊው ማጥበብ አይረዳም፣ የሚያወጣው አቬሬጅ ብቻ ነው። ዛሬ አማተሮች በዶንግል፣ በአንድ ጥሩ ፕሪአምፕና በፊልተር (የማይፈለገውን ፍሪኩዌንሲ በሚያግድ) ለደቂቃዎች አማካይ እየወሰዱ ቤታቸው ሆነው ያዩታል። እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም! የዶንግሉ ጉድለት 8 ቢት ብቻ መሆኑ ነው፣ ደካማና ኃይለኛ ሲግናል አብሮ መያዝ ይከብደዋል፤ አጠገባችሁ ኃይለኛ ኤፍኤም ጣቢያ ካለ ያለ ፊልተር ይጨናነቃል።

ለጥገና ቤት ወይም ለላብ ከሆነ ሲግለንት ኤስኤስኤ3021ኤክስ። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ ግን አርቢደብሊው እስከ 1 ኸርዝ ይወርዳል፣ የአቬሬጁን ዓይነትም ትመርጣላችሁ። ይሄ ምርጫ ቀላል አይደለም፤ ዲቢውን ራሱን አማካይ የሚወስደው ዓይነት ኖይዙን 2.5 ዲቢ አሳንሶ ነው የሚያሳየው፣ ኃይል የምትለኩ ከሆነ በኃይል የሚወስደውን ምረጡ። አቴንዌተሩን (የሚገባውን ሲግናል የሚቀንሰውን) ዜሮ ማድረግም አትርሱ፣ ኃይለኛ አስተላላፊ አጠገብ ካልሆናችሁ። ሪጎል ዲኤስኤ815 ሁለተኛ እጅ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ ብቻ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን የአማተር ራዲዮ ክለብ (የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ) አናግሩ። ከውጭ ሰው የምታስመጡም ራዲዮ ነክ ዕቃ ስለሆነ አስቀድማችሁ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።

«አቬሬጅ ሳደርግ ሲግናሉ ጠፋብኝ» ላልከው፦ ብቅ ጥልቅ የሚል ሲግናል ከሆነ፣ ለምሳሌ የእጅ ራዲዮ፣ አቬሬጅ ያጠፋዋል። ማክስ ሆልድ (በየነጥቡ የታየውን ከፍተኛ ልኬት ይዞ የሚቆየውን) ተጠቀም።

«ያልነበረ ጉብታ ወጣ» ላልሽው እህቴ፣ አንቴናውን ንቀይና በቦታው በ50 ኦም ተርሚኔተር (መግቢያው ላይ በሚገጠም መዝጊያ) ዝጊው። ጉብታው ካልጠፋ ከመሣሪያው ከራሱ የመጣ ነው።