ውሻዬን ግማሽ ቀይ ቀበሮ ነው ይሉኛል፤ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ያዋጣኛል?

የመሐል ሜዳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዳማ የሚባል ሦስት ዓመት የሆነው ውሻ አለኝ። ስሙ የወጣለት በመልኩ ነው። ቀይ ነው፤ ደረቱና ጉሮሮው ነጭ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ እግሩ መለሎ። ቀይ ቀበሮ ከሚኖርበት ከጓሳ ተራራ የወረደ የሚያስመስል ነገር አለው፣ እኔም አልክድም።

ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ አንድ ቀን «ይሄማ የቀይ ቀበሮ ዲቃላ ነው» አሉ። በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ራሴ አወራው ነበር፤ ያው ጉራ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ግልገል ተበላ። ማን እንደበላ ያየ የለም። ጣት የተቀሰረው ዳማ ላይ ነው። «የአውሬ ደም ያለበትን አሳድገህ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ታስሮ ይውላል፣ ታስሮ ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ እያላዘነ እኛም አንተኛም።

እህቴ አሜሪካ ነው ያለችው፣ ለፋሲካ ትመጣለች። እዚያ የውሻን ጉንጭ በጥጥ ነገር አሽተው በፖስታ በመላክ ዘሩን የሚያውቁበት ምርመራ አለ አለችኝ። ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቀይ ቀበሮ ካለበት እውነት ያወጣዋል? ወረቀቱን ይዤ ጎረቤት ፊት ብቆምስ ይጠቅመኛል? «አርፈህ አስከትበው» ለምትሉኝ፣ የእብድ ውሻውን አስከትቤዋለሁ፣ ካርዱም አለ።

የከብት ሐኪም ከደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ፣ ከጥጡ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናቱን ታውቃታለህ?

ቀይ ቀበሮና ውሻ መዳቀላቸው ተረት አይደለም። ባሌ ውስጥ በ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ) በዲ ኤን ኤ ታይቷል። ደግሞ ስሟ ነው እንጂ ቀበሮ አይደለችም፤ በዘር የምትቀርበው ለተኩላ ነው። ከውሻ ጋር የምትዋለደውም ለዚሁ ነው። ግን ልብ በል፣ እዚያ የተገኙት ዲቃሎች አባታቸው ውሻ፣ እናታቸው ቀይ ቀበሮ ናት። ቡችሎቹ የሚያድጉት ከእናታቸው ጋር ሜዳ ላይ ነው። ዳማን የወለደችው የሰው ደጅ የምትጠብቅ ውሻ ከሆነች የሽማግሌው ወሬ በጣም የራቀ ነው።

ምርመራው ከጉንጩ በተገኘው ዲ ኤን ኤ ላይ ብዙ ሺህ ነጥቦችን ያነባል፤ 200,000 የሚያልፉም አሉ። ከዚያ መዝገቡ ውስጥ ካሉት ዝርያዎች ጋር ያስተያያል። መዝገቡ ውስጥ ያልገባ ዘር በስሙ አይወጣም። ስለዚህ እህትህ ከመክፈሏ በፊት «የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ መዝገባችሁ ላይ አለ ወይ?» ብላ ትጻፍላቸው። «የለም» ካሏት ገንዘቧን ለበግ ታድርገው።

ግልገል መብላትን በተመለከተ፣ ይህን የሚነግርህ ወረቀት የለም። ንጹሕ የጀርመን ውሻም ካለመዱት በግ ይበላል።

ትውልደ አንኮበር፦
እኔ ሞክሬዋለሁና ልንገርህ። ውሻዬን ቡችላ ሆና ነው ከአንኮበር ይዣት የሄድኩት። አባቷ ጀርመን ሼፐርድ ነው ብለው ምለው ነው የሰጡኝ። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ነበር፣ እሱን ማለታቸው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ «ግማሽ ሼፐርድ ናት» ስል ኖርኩ። ውጤቱ ሲመጣ የሼፐርድ ጠብታ የለም! «የመንደር ውሻ» ይላል። በቃ። የሐበሻ ውሻ ማለት ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ገንዘቤን የበሉኝ መሰለኝ። በኋላ ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። የመንደር ውሻ ማለት የዚህና የዚያ ዝርያ ቅልቅል ማለት አይደለም። በራሱ ሲዋለድ የኖረ ነው፣ ማንም መርጦ አላዳቀለውም። ጀርመን ሼፐርድ እንኳ ዝርያ ተብሎ መመዝገብ የጀመረው በ1899 (በፈረንጆቹ) ነው። የኛዎቹ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን በረት ሲጠብቁ ኖረዋል! ዲቃላ የሚለው ስም ራሱ አይገባቸውም ባይ ነኝ።

ደግሞ በመልክ አትፍረድ። ቀይ ጠጉርና ቀጥ ያለ ጆሮ የሐበሻ ውሻም መልክ ነው። ቀይ ቀበሮ ቅድመ አያቱ እንኳ ብትሆን የምታወርሰው በአማካይ 12.5 በመቶ ነው፣ ያም ጠጉሩ ላይ ላይታይ ይችላል።

እኔን የጠቀመኝ የምርመራው የጤና ክፍል ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለው የትልና የተባይ መድኃኒት አንጎላቸውን የሚጎዳባቸው ውሾች አሉ፤ ይህን የሚያመጣው ጂን (በዘር የሚወረስ ነው) ኮሊ የሚባለው የውሻ ዝርያ ላይ ይበዛል፣ ሼፐርድም ላይ ይገኛል። የኔዋ የለባትም። ያም ሆኖ ለበግ የተገዛውን መድኃኒት በግምት ውሻ አትውጉ፣ እባካችሁ።

የጓሳ ልጅ፦
ምርመራውን ተወውና ግልገሎቹ ከአካላቸው በየት በኩል ነው የተበሉት? ተራ ቀበሮም አለ፣ ጅብም አለ፣ ባለቤት አልባ ውሻም ሞልቷል። ጅብ ከሆነ አጥንትም አያስተርፍ። ሬሳውን ያየ ሰው ይጠየቅ እንጂ ዘር ምን ያደርጋል!

ደግሞ ዳማን ወደ ጓሳ ይዘህ እንዳትወጣ። ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በመላው ኢትዮጵያ 500 አዋቂ አይሞሉም ይባላል። ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተላልፎ በየጊዜው ፈጅቷቸዋል። የሚያሰጋው የእነሱ ደም ወደ ውሻህ መግባቱ ሳይሆን የኛ ውሻ እነሱ ጋ መድረሱ ነው።

የመሐል ሜዳው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙ እንዳልከኝ ቡችላውን የሰጡኝን እማማን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሞላሌ ከተማ ነው የሚኖሩት። ሳቁብኝ። «እናቱማ የኔ ቡሪት ናት፣ ጎተራው ሥር ነው የወለደችው። አባቱን የጠየቅክ እንደሆን ቅዳሜ ገበያ ሂድና ፈልገው» አሉኝ።

ይህንኑ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ ቀበሮውም ገበያ ይወጣ ይሆናል» አሉ። ምን ትላቸዋለህ! ብቻ ግልገሎቹን ፀሐይ ሳትገባ ለማስገባት ተስማምተናል። ዳማም ቀን ቀን ይፈታል፣ ማታ ይታሰራል።

እህቴ ግን ምክራችሁን ሳልነግራት ዕቃውን ገዝታዋለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ጓጉታለች። ጥጡ ጉንጩ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል መታሸት አለበት ትላለች። ለክትባቱ ጊዜ ለሦስት ነው የያዝነው፣ አንዱ እስካሁን ጠባሳ አለበት። ይህን እንዴት እንደምታደርጉት የምታውቁ ካላችሁ ከፋሲካ በፊት ንገሩኝ።