ከስሊቭ ኦፕራሲዮን በኋላ በ2 ሳምንት ነርሲንግ ሆም ሥራ መመለስ ይቻላል?

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ሰላም እህቶችና ወንድሞች። ባለፈው ሳምንት ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰውን ስሊቭ ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወጣሁ። አንድ ሌሊት አሳድረው ወደ ቤት ላኩኝ። ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት ላይ «በ2 ሳምንት ወደ ሥራ መመለስ ትችላለች» ይላል። ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ነርሲንግ ሆም (የአዛውንቶች መጦሪያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ፣ የጠዋት ፈረቃ። አዛውንቶቹን ከአልጋ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ዊልቸር ላይ አስቀምጣለሁ። ማንሻ ማሽን አለ። ግን ስትፈልጊው ወይ ሌላ ፎቅ ላይ ነው ወይ ባትሪው አልቋል። ለሁለት ነው የሚነሳው ይባላል። ሰው ከጎደለ ግን ብቻሽን ነሽ።

አሁን ደህና ነኝ። ቤት ውስጥ እንቀሳቀሳለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ። ከአልጋ ስነሳ ግን አንዱን ጎኔን ይወጋኛል። የምወስደው ሾርባና ፕሮቲን ሼክ ብቻ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጉልበቴ ይከዳኛል። ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። ደሴ ላለችው እናቴም በየወሩ እልካለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ደጋግማ እየደወለች «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ወሬ ነው። እኛ ጋ ከሠራተኛው ብዙው ሐበሻ ነው። ለምን ኦፕራሲዮን እንደተደረግሁ ማንም እንዲያውቅ አልፈልግም። «ስፖርት ሰንፋ ነው» እንዲሉኝ አልፈልግም። ስኳሩና ደም ግፊቱ እንዴት እንዳሰቃየኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ሆናችሁ ያለፋችሁበት ንገሩኝ። መቼ ተመለሳችሁ? በ30 ደቂቃ እረፍትስ እንዴት በላችሁ?

ካሸሯ፦

እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ እህቴ። እኔ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ካሸር ነኝ። በ2 ሳምንት ተመልሼ ምንም አልሆንኩም። ግን ሥራዬ ቁጭ ብሎ ነው፣ ከአንቺ ጋር አይወዳደርም።

እኔን ያስቸገረኝ ሕመሙ ሳይሆን ውኃው ነው። እንደ ድሮው ግጥም አድርጎ መጠጣት ቀርቷል። ጠርሙሱን አጠገቤ አድርጌ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጉንጭ እል ነበር። ያንን ከዘነጋሁ ማታ ራስ ምታትና ማዞር ነው። በምሳ ሰዓት ደግሞ ምግብና ውኃ አብሮ አይሄድም። በልተሽ ግማሽ ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ እረፍትሽን ለምግቡ ተዪው። ውኃውን ከዚያ በፊትና በኋላ በሥራሽ መሐል ነው የምትጠጪው። ምሳዬ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የምትገባ ቀጭን ሽሮ ወይም እርጎ ነበረች፤ እሷንም አልጨርሳትም ነበር።

የምትሠሪው ዲሲ ውስጥ ከሆነ ከተማው ለሕመም እስከ 12 ሳምንት የሚከፍለው ፈቃድ አለ። የሚታየው የሥራ ቦታሽ ነው፣ ቤትሽ ቨርጂኒያ ቢሆንም ችግር የለውም። ሥራሽም ቨርጂኒያ ከሆነ ግን ይሄ አይመለከትሽም።

የሌሊት ነርስ፦

እህቴ፣ ቀኑን ከመቁረጥሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ። ነርስ ከመሆኔ በፊት ብዙ ዓመት ሲኤንኤ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስሊቩንም ተደርጌያለሁ። አንቺ የምትዪውን ፎቅ አውቀዋለሁ።

ያ ወረቀት የአንቺን ሥራ አያውቅም። 2 ሳምንት የሚባለው ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። ለሚያነሳና ለሚጎትት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይባላል። ሆድሽ ላይ የሚታዩሽ ቀዳዳዎች ትንንሽ ናቸው፣ ቆዳውም ቶሎ ይገጥማል። ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ተቆርጦ የወጣው ጨጓራ፣ ከጠቅላላው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው፣ በአንደኛው ቀዳዳ ነው የወጣው። ስትነሺ የሚወጋሽ እዚያ ጋ ሊሆን ይችላል። ሳይጠነክር 80 ኪሎ ሰው ከጎተትሽበት ግድግዳው ከፈት ብሎ አንጀት ሊገፋ ይችላል። ሄርኒያ የሚሉት እሱ ነው። እሱ ደግሞ ሌላ ኦፕራሲዮን ነው።

ነገ ጠዋት ቀዶ ሐኪምሽ ቢሮ ደውዪ። «መቼ ልመለስ?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። ሥራሽን ዘርዝሪላቸው። «8 ሰዓት በቁሜ ነኝ። 150፣ 200 ፓውንድ ሰው አገላብጣለሁ። ማሽኑ ሁልጊዜ አይገኝም» በያቸው። ከዚያ ከስንት ፓውንድ በላይ፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ እንደማታነሺ በቁጥር ይጻፉልሽ። «ቀላል ሥራ» ብቻ የሚል ወረቀት ሰው በጎደለ ቀን አያድንሽም። ማንም የፈለገውን ይተረጉመዋል። ውኃ ይዘሽ በየጊዜው እንድትጠጪ እንዲፈቀድልሽም አብረው ይጻፉ። ብዙ ቦታ በሽተኛ ባለበት ፎቅ ላይ መጠጣት ክልክል ስለሆነ ያለ ወረቀት ትቸገሪያለሽ።

ሥራሽን እንዳታጪ ደግሞ ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚባል የፌዴራል የሕመም ፈቃድ ሕግ አለ። እዚያ ቤት 12 ወር ከሠራሽ፣ ባለፈው 12 ወር ውስጥ 1,250 ሰዓት ከሞላሽ፣ ድርጅቱም በ75 ማይል ዙሪያ 50 ሠራተኛ ካለው እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይገባሻል። ክፍያ የለውም። ግን ሥራሽም የጤና ኢንሹራንስሽም ይቆይሻል። የተጠራቀመ የዕረፍት ቀን ካለሽ አብረሽ ተጠቀሚበት። ሾርት ተርም ዲስኤቢሊቲ ለሚባለው፣ ታመሽ ስትቀሪ ከደመወዝሽ ከፊሉን ለሚከፍል ኢንሹራንስ ይቆረጥብሽ እንደሆነም ፔይ ስተብሽን (የደመወዝ ወረቀትሽን) እዪ። ስንቱ ሲቆረጥበት ኖሮ ሳይጠቀምበት ይቀራል፣ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ስለ ወሬው ሐሳብ አይግባሽ። የፈቃዱን ፎርም ከኤች አር (ከሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ) ትቀበያለሽ፣ ሐኪምሽ ይሞላዋል፣ ወደ ኤች አር ይመለሳል። ፎርሙን ለመመለስ ቢያንስ 15 ቀን ይሰጡሻል። የቅርብ አለቃሽ ሐኪምሽ ጋ መደወል በሕግ አይፈቀድላትም። ማወቅ የሚገባት ምን ማንሳት እንደማትችዪና መቼ እንደምትመለሺ ነው። ከደወለች «ወረቀቴ ኤች አር ጋ ነው» በያት፣ በቃ። ለሥራ ባልደረቦችሽ «ሆዴን ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ» ካልሽ እውነት ነው፣ ከዚያ በላይ የማንም ዕዳ የለብሽም።

ስኳርና ደም ግፊት ስላልሽ አንድ ነገር ልጨምር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሁለቱም ቶሎ ሊወርዱ ይችላሉ። የድሮውን መጠን እየዋጥሽ ከሆነ ስትነሺ ሊያዞርሽ ይችላል። መድኃኒቶችሽን አንድ በአንድ ለሐኪምሽ አንብቢ። በራስሽ ግን እንዳታቆሚ።

ቁጭ ብለሽ ልብሽ በደቂቃ ከ120 በላይ ከመታ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የሆድ ሕመምሽ እየባሰ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አንዱ ባትሽ ካበጠ ወይም ውኃ አልወርድ ካለሽ ሥራ ላይ ብትሆኚም ፈረቃዬን ልጨርስ አትበዪ። ወዲያው ኢመርጀንሲ ሂጂ።

ሹፌሩ ከስፕሪንግፊልድ፦

ነርሷ ጨርሳዋለች፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚሰጡትን ጠንካራ ማስታገሻ እየወሰድሽ መኪና አትንጂ። ወገብሽን ሲያምሽ ደግሞ ሥራ ቦታ «እንኪ አድቪል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐኪሜ አድቪልና አሊቭ ጨጓራን ያቆስላሉ ብሎ ከልክሎኛል፣ ታይሌኖል ነው የፈቀደልኝ። አንቺም ጠይቂ።

ስለ ገንዘቡ፣ እቁብ ካለሽ ዳኛውን አናግሪው። እኔ ያኔ ተራዬ ሩቅ ነበር። «ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ» ስለው ተራው ከደረሰው ልጅ ጋር አለዋወጠኝ። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። የሁለት ወር ኪራይ የከፈልኩት በዚያ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነርሷ እንዳለችው ሥራዬን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። የስልኩ ሴትዮ «ነርሲንግ ሆም መሆኑን አላወቅንም ነበር» አለችኝ። እስከ 6ኛው ሳምንት ከ15 ፓውንድ በላይ እንዳላነሳ የሚል አዲስ ወረቀት ጻፉልኝ፤ ውኃውም አለበት። ኤች አር ፎርሙን በኢሜይል ልከውልኛል። እስከዚያ መጥቼ ዴስክ ላይ ስልክ እንዳነሳም ጠይቀውኛል። እሱን ልቀበል?

አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ብለውኛል። ያለ ወተትና እንቁላል እንዴት ይሆናል?

የሌሊት ነርስ፦

የስልኩን ሥራ ከፈለግሽ ተቀበዪው፣ ካልፈለግሽ ግዴታ የለብሽም። ፈቃዱን ትተሽ ቀላል ሥራ እንድትይዢ ሊያስገድዱሽ አይችሉም። ከተቀበልሽ ግን ምን እንደምትሠሪ በጽሑፍ ይስጡሽ። ዴስክ ላይ ተቀምጠሽ የበሽተኛ ደወል ሲጮህ እግርሽ ራሱ ነው የሚነሳው። አውቅሻለሁ፣ እኛ ሁላችንም እንደዚያ ነን።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን አሁኑኑ አናግሪ፤ በታመመ ሰው ላይ ጾም አይጠነክርም። የእኔ «መድኃኒትሽ ነው፣ ጠጪ» ብለውኝ ነው ሼኩን የቀጠልኩት። ዘንድሮ ስለ ሰዓቱ አታስቢ። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ላንቺ አይሆንም። ልብሽ እምቢ ካለሽ ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የሚሠራ የፕሮቲን ዱቄት አለ። ወተት የለበትም። ለስላሳ ምግብ ሲፈቅዱልሽ ምስሩንና ሽሮውን በርበሬ ሳታበዢ አቅጥነሽ ሥሪ። እንጀራውን ግን ሐኪምሽ እስኪል አትቸኩዪበት፤ እኔ ጋ ቶሎ አልተስማማም ነበር። ፎርሙን ስትሞዪ የማይገባሽ ጥያቄ ካለ እዚሁ ጻፊው፣ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።