መዝገቡ ከዐቃቤ ሕግ «ተመልሷል» ተባልኩ፤ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?

የቱሉ ዲምቱዋ (ጠያቂ)፦ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የብረት በርና መስኮት ሊሠራልኝ 60,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ የተቀበለ ባለሙያ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። ለፖሊስ አመልክቼ ቃሌን ሰጠሁ፤ ሰውየውም ተይዞ በዋስ ወጣ። ዛሬ ከሰዓት መርማሪው ጋ ስደውል «መዝገቡ ከዐቃቤ ሕግ ተመልሷል» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። ዐቃቤ ሕጉ የእኔ ተከራካሪ ሆኖ ሳለ እኔን ሳያነጋግር እንዴት መዝገቤን ይዘጋል? እርሱን ትቼ በራሴ ጠበቃ መክሰስ እችላለሁ? ቤቱን በየሌሊቱ የምንዘጋው በቆርቆሮ ነው።

ባለ ሱቁ፦ እኅቴ፣ ቆርቆሮውን በሰንሰለት ይሰሩት፤ በእኛ ሰፈር ከበር ይልቅ ቆርቆሮ ቶሎ ይሰረቃል። ለቁም ነገሩ ግን ጠበቃ ይያዙ።

ጡረተኛው፦ «የእኔ ተከራካሪ» ያሉትን ላርም። «ዐቀበ» በግእዝ ጠበቀ ማለት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የሚጠብቀው ሕጉን ነው፤ ደንበኛውን የሚጠብቀው ደግሞ ጠበቃ ነው። ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው በመንግሥትና በሕዝብ ስም ስለሆነ፣ እርስዎ በመዝገቡ ውስጥ የግል ተበዳይና ምስክር እንጂ ደንበኛው አይደሉም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42 ጥፋተኛ ለማሰኘት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ካመነ ክስ እንዳያቀርብ ያዘዋል፤ ይህም ዛሬ እርስዎን ቢያሳዝንም፣ ነገ በሐሰት የሚጠቆምን ሰው የሚያድነው ይኸው አንቀጽ ነው።

አንድ አባት፦ ጠበቃ ይያዙ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ግንበኛው፦ እኔ ነገሩ ከመነሻውም ወንጀል መሆኑን እጠራጠራለሁ። ቅድሚያ ተቀብሎ ሥራውን ያላደረሰ ሁሉ አታላይ ቢባል ኖሮ ግማሾቻችን እስር ቤት ነበርን። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለል ለመባል ሰውየው ገንዘቡን ሲቀበል ሊያሳስትዎ ማሰቡ መረጋገጥ አለበት፤ የብረት ዋጋ ጨምሮበት ከሆነ ግን የውል ጉዳይ ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ይክሰሱት።

የአቃቂው፦ ሁላችሁም «ተዘጋ» እያላችሁ ነው የምትከራከሩት፤ መርማሪው ያለው ግን «ተመልሷል» ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 መሠረት ዐቃቤ ሕግ የጎደለ ነገር ካየ ፖሊስ ተጨማሪ ምርመራ እንዲያደርግ መዝገቡን ይመልሳል፤ ይህም በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ ነገ መርማሪውን «ለምን ተዘጋ?» ሳይሆን «ምን እንዲሟላ ታዘዘ?» ብለው ይጠይቁ። ሱቁ ከአዲስ አበባ ወሰን ማዶ፣ በሸገር ከተማ በኩል ከነበረ ደግሞ መዝገቡ የተመለሰው በሥልጣን ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ በኩል የሚከሰው የኦሮሚያ ዐቃቤ ሕግ እንጂ የፌዴራሉ አይደለም።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ሱቁ ከእኛው ሕንፃ ሥር ነበር። ደግሞስ ግንበኛው፣ በምን ብረት ዋጋ ነው የሚያመካኘው? ከሁለት ጎረቤቶቼም በዚያው ሳምንት ተቀብሎ አይደል የጠፋው።

ግንበኛው፦ ይህን መጀመሪያ ቢጽፉት ኖሮ ያን ሁሉ ባልተናገርኩ ነበር።

የአቃቂው፦ መዝገቡ የጎደለው ይኸው ይመስለኛል። ሱቁን ሊዘጋ ባለበት ሳምንት ከሦስት ሰው መቀበሉ ሐሳቡን ያሳያልና፣ ጎረቤቶችዎ የባንክ ማስተላለፊያቸውን ይዘው አብረው ሄደው ቃላቸውን ይስጡ። የእርስዎ ቃል ብቻ ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ የሚያየው አንድ ያልተፈጸመ ውል ነው። ምናልባት በእርግጥ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንቀጽ 43 እምቢታው በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ ውሳኔው በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ ክስ እንዲቀርብ ይታዘዝልኝ ብለው ለፍርድ ቤት ለማመልከት ይፈቅድልዎታል። ዐቃቤ ሕጉን ትተው በራስዎ ጠበቃ መክሰስ ግን በግል አቤቱታ ብቻ ለሚያስከስሱ፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ ለማይከሰስባቸው ወንጀሎች የተተወ ስለሆነ፣ ማታለል በዚያ ውስጥ አይገባም። ጠበቃ የሚያስፈልግዎ ለገንዘቡ ነው፤ ክስ ከተመሠረተ የካሣ ጥያቄዎን ከወንጀሉ ጋር አጣምረው ማቅረብም ይችላሉ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንደኛዋ እሺ ብላለች፤ ሁለተኛው ግን «ከፍርድ ቤት ደጅ ይሰውረኝ» እያለ ነው። ጠዋት ሄጄ እነግራችኋለሁ።

ባለ ሱቁ፦ እኅቴ፣ ሳምንት አለፈ እኮ፤ መዝገቡ ምን ጎድሎት ነበር?

ጀማሪዋ፦ ይቅርታ፣ ሰውየው አንድ እጁ ላይ ጠባሳ ያለበት ነው? እኔም ለመስኮት ቅድሚያ ከፍዬዋለሁ።