በዲናሩ ላይ ያለው «መልክ» ፊት ብቻ ነው ወይስ ሥዕሉ ሁሉ?

ንባብ፦ ማቴዎስ 22፥20 «ይህች መልክ ጽሕፈቲቱስ የማን ናት?» ይላል። ብዙዎች ያኔ ለኢየሱስ የታየው ሳንቲም ነው የሚሉትን የሮማውን ንጉሥ የጢባርዮስን የብር ዲናር በፎቶ አየሁት። በፊቱ የንጉሡ ራስ አክሊል ደፍቶ አለ፤ በጀርባው በትረ መንግሥትና ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ተቀምጣለች፤ እናቱ ሊቪያ ናት የሚሉ አሉ። «መልክ» ሴቲቱንም ይጨምራል?

ቀለም፦ ሥሩ «መለከ» ነው። አመለከ፣ አምላክ፣ መልክ። ሳንቲሙ ራሱ ይመስክር፤ በዙሪያው «ጢባርዮስ ቄሣር፣ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ፣ አውግስጦስ»፣ በጀርባው «ሊቀ ካህናት» ተብሎ በላቲን ተቀርጾበታል። የሚመለክ ሰው ምስል ነው።

ብራና፦ ወንድም ቀለም፣ «አምላክ»ን እዚህ ምን አመጣው? ግሱ «ለክአ» ነው፣ ጻፈ። ልኩእ ማለት የተጻፈ። ስለዚህ «መልክ» በግእዙ መልክእ ሲባል በአልፋው «አ» እንጂ በዐይኑ «ዐ» አይጻፍም። ቅኔ ቤት የዋለ ይህን አይስትም።

ቀለም፦ ታዲያ «መልክዐ ማርያም» ተብሎ በዐይኑ የተጻፈው ስንት መጽሐፍ ነው? ሁሉም ጸሐፊ ሊስት ነው?

ብራና፦ ጸሐፊ ድምፁን ሰምቶ ይጽፋል፤ አ እና ዐ በአፋችን ከተቀላቀሉ ቆይተዋል። ዳኛው ግሱ ነው።

እመ ሰዋስው፦ ልጆች፣ ስለ ፊደሉ ከመጣላታችሁ በፊት ድርሰቱን ተመልከቱ። መልክእ የሚባለው የውዳሴ ድርሰት «ሰላም ለሥዕርተ ርእስከ» ብሎ ከራስ ፀጉር ይነሣና እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ስለዚህ በግእዝ መልክ ፊት ብቻ አይደለም፣ ቁመናም ነው።

ቀለም፦ እማማ፣ ዲናሩ ላይ እኮ ንጉሡ ከአንገት በታች የለም!

ብራና፦ እንግዲህ የተጻፈ፣ የተቀረጸ ማለት ነው ያልኩት ለዚህ ነው። አንገትም ይሁን ጥፍር፣ በብረት ማኅተም ተመትቶ ብሩ ላይ ወጥቷል።

ዘተርጓሚ፦ «ዲናር» ዐረብኛ ነው የሚል ከመምጣቱ በፊት ልቅደም። ላቲን ነው፣ ከ«ዐሥር ዐሥር»። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ መመታት ሲጀምር ዋጋው 10 አስ ነበር፤ አስ የመዳብ ሳንቲማቸው ነው። ኋላ 16 ሆነ፣ ስሙ ግን አልተለወጠም። ዐረቦቹ ከዚያ ወስደው ለወርቅ አደረጉት።

ብራና፦ ስለ ዲናር ማን ጠየቀ? ቀለም አንድ የግእዝ ግስ ያምጣልኝ፤ ከ«መለከ» «መልክእ»ን የሚያወጣ። መጨረሻው ላይ ያለው «እ» ከየት መጣ?