ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ይቆረጣል፤ ጥፋቱ የራውተሩ ነው የመስመሩ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ያለው በስልክ መስመር የሚመጣ ኤዲኤስኤል ነው፣ 4 ሜጋ። በቀን ከ10 ጊዜ በላይ ይቆረጥና ከ2 ወይም 3 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይመለሳል። የቤት ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ወዲያው ይጠፋል። ዝናብ ሲሆን ይብሳል። ራውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ፣ ለውጥ የለም። አዲስ ልግዛ?

መልስ 1፦
ገና አይግዙ። ሲቆረጥ መብራቶቹን ይዩ። ዲኤስኤል የሚለው ብልጭ ድርግም ካለ የወደቀው መስመሩ ነው። እሱ ሳይንቀሳቀስ በርቶ ሞባይሉ ላይ ብቻ ከጠፋ ዋይፋዩ ነው። ሁሉም ባንዴ ጠፍተው እንደገና ከተነሱ አዳፕተሩ ደክሟል።

ስልክ ሲጠራ የሚቆረጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስፕሊተሩ ነው። ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች፣ ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎኸርዝ በላይ ሆነው በአንድ ሽቦ ይመጣሉ፤ የሚለያያቸው እሱ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ገመድ ስፕሊተሩ ላይ ባለው «ላይን» የሚል ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ራውተሩና ስልኩ በየራሳቸው ቀዳዳ ይወጣሉ። መኝታ ቤት የተቀጠለ ሌላ ስልክ አለ? ከስፕሊተሩ በፊት ከተቀጠለ በጠራ ቁጥር መስመሩን ይረብሻል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው።

መልስ 2፦
ስልኮቹንም ስፕሊተሩንም ንቀሉና ራውተሩን መስመሩ ቤት የሚገባበት የመጀመሪያው ሳጥን ላይ በአጭር ገመድ ቀጥታ ሰኩት። ለ2 ሰዓት ያህል ካልተቆረጠ ጥፋቱ የቤት ውስጥ ገመድ ነው። ከዚያ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡና ኤስኤንአር ማርጂን የሚለውን (የመስመሩ ምልክት ረብሻን ለመቋቋም ያለው ትርፍ ነው) እዩ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መቆራረጡ አይቀርም፣ 10 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው።

የዝናቡ ነገር የመጋጠሚያ ዝገት ይመስላል። ሳጥኑን ሲከፍቱት ብሎኑ ሥር ያለው መዳብ አረንጓዴ ከሆነ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ፣ አዲስ መዳብ ልጣችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል እርጥበት ያስገባል። መስመሩ ሲጠራ ከፍ ያለ ቮልት ስለሚመጣ ባዶ ሽቦ በእጅ አትንኩ፤ መብረቅ ባለበት ሰዓትም ተዉት።

ደግሞ ሪሴት የሚለውን ቀዳዳ በመርፌ እንዳትወጉ! የመስመሩ ዩዘር ኔምና ፓስወርድ ይጠፋና ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቀጥታ ስሰካው ምንም አልተቆረጠም፣ ማርጂኑም 11 ነው። የመኝታ ቤቱ ስልክ በእርግጥ ከስፕሊተሩ በፊት ነው የተቀጠለው።

መልስ 1፦
እንግዲያው የዚያን ስልክ ገመድ ከሳጥኑ ፈተው ከስፕሊተሩ የስልክ ቀዳዳ ያውጡት። 11 ያለው በደረቅ ቀን ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ደግመው ይዩ። ወደ 5 ወይም 4 ከወረደ የረጠበው ውጭ ያለው መጋጠሚያ ነው። ጥገና ሲያስመዘግቡ ሁለቱንም ቁጥሮች ይንገሯቸው፤ «ይቆራረጣል» ብቻ ሲባሉ ራውተር ቀይሩ ብለው ይመልሳሉ።