ወፏ የምትፈለፍለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ናችሁ? በርጋ ረግረግ አካባቢ የተማሪዎች የተፈጥሮ ክበብ አስተባብራለሁ። ዋናው ሥራችን ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባለዋ ወፍ ናት። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። እንቁላል መጣሏ የተረጋገጠው እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እዚህ የምትፈለፍለው በክረምት ነው። ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆቹም ከብት ጥበቃ ይሰማራሉ። ጎጆዋን ውሃ ባዘለው ሣር ውስጥ ዝቅ አድርጋ ስለምትሠራ አንድ ኮቴ ይበቃዋል። ልጆቹን ወስጄ እንዳላሳያቸው እኛም እንረግጠዋለን። እሷ ደግሞ መደበቅ ትችልበታለች፤ ብርር ካላለች የክንፏ ነጭ አይታይም። "ቲቸር፣ ግን እውነት አለች?" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም።

ገበሬውን "ከብትህን አታስገባ" ማለትማ ቀላል ነው። ማሳው ሁሉ ታርሶ የት ይውሰዳቸው?

በክረምት ክበብ ያስኬዳችሁ ካላችሁ፣ ልጆቹን እንዴት ሰበሰባችኋቸው? ግጦሹን እስከ መስከረም ለማቆየት ከአባወራዎች ጋር የተስማማችሁስ፣ በምትኩ ምን አቀረባችሁ? ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ ሰኔ ደርሶብኛል።